የዘገየው እጅ

ጓንጉል ኪቦርድ መጫወት ሊያቆም ወስኗል። ውሳኔውን ለማንም አልነገረም፣ ለሚስቱ ለእህተማርያም እንኳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሠርጉና በየመልሱ ሰው ከወንበሩ ሲያስነሳ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ከየት ይጀምረዋል?

ቀኑ ሐሙስ፣ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። እሁድ እዚሁ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር ውስጥ የአቶ በኃይሉ ልጅ መልስ አለ። በኃይሉ ከወር በፊት ደውሎ “አንተ ከሌለህ መልሱም ይቅር” ብሎታል፤ ጓንጉልም አፉን ሞልቶ እሺ ብሏል። አሁን መልሶ ሊደውልና “ሌላ ሰው ፈልግ” ሊለው ነው። አሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብሎ ከራሱ ጋር ቀጠሮ ይዟል። እስከዚያው ግን ኪሊማኒ ባለው አፓርታማቸው ሳሎን ውስጥ፣ ኪቦርዱ ፊት ተቀምጦ ቀኝ እጁን እያገላበጠ ያያል።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሆስፒታል ሲደርስ ቀላል ስትሮክ ነው ተባለ። ይህቺን ቀላል የምትባል ቃል ጓንጉል እስከ ዛሬ አልወደዳትም፤ በሐኪሙ እጅ ላይ የደረሰ ቢሆን ኖሮ ቀላል ይለው እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። ለሁለት ወር ለስላሳ ኳስ ጨመቀ፣ ከሳህን ላይ ምስር በጣቱ ለቀመ፣ እንደ ተማሪ ስሙን እየደጋገመ ጻፈ። እጁ ተመለሰ። ሐኪሙም “በቃ፣ ሂድና ተጫወት” ብሎ አሰናበተው።

ሰውየው ሲድን ግን ኪቦርዱ ታመመ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ውስጡ ያለው ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ተቃጠለ። መሃል ከተማ ያለ ጠጋኝ ከፍቶ አየውና፣ ቁልፎቹ ደህና ናቸው፣ ድምፁን ግን ከእንግዲህ ከኮምፒውተር ማምጣት ነው አለ። ጓንጉል በዚያ ኪቦርድ ላይ ያልዳረው ሰው የለም። ሊጥለው አልሆነለትም።

እዚህ ላይ ልጁ ቤቲ መጣች። ቤቲ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ጊጊሪ አንድ ትልቅ ቢሮ የምትሠራ፣ ኮምፒውተር አይፈሬ ናት። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፕ ይዛ መጥታ ኪቦርዱን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘች፣ የፒያኖም የክራርም የማሲንቆም ድምፅ ያለበት ፕሮግራም ጫነች፣ ከላፕቶፑ ወደ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ሽቦ ዘረጋች። በአንድ ጣቷ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገችና “ኢት ወርክስ፣ አባዬ” ብላ ጉንጩን ስማው ሄደች።

እውነትም ይሠራል። ድምፁማ ከድሮውም ያምራል። ችግሩ የመጣው ጓንጉል በሁለት እጁ ሊጫወት ሲቀመጥ ነው።

ስልኩ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀዳ የራሱ ጨዋታ አለ፤ ለሠርግ የሚሆን፣ ፈጣን ችክችካ። ያንን ከፍቶ አብሮ ልጫወት ሲል ዘገየ። በጣም አይደለም፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ግን ጭፈራ የሚባል ነገር ያለው እዚያች ላይ ነው፤ ያቺ ከጠፋች የሰው ትከሻ አይነሳም። ደገመው፣ ዘገየ። ሠለሰው፣ ዘገየ። እጄ ድኗል ያሉኝ ምስር ለመልቀም ነው እንጂ ለዚህ አይደለም ብሎ አሰበ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነው። ይባስ ብሎ ከአራት ቀን በፊት ግራ እጁን ለብቻው ሞከረው። እሱም ዘገየ። ያን ዕለት ጓንጉል ምሳውን አልበላም። በሽታው ወደ ግራዬ ተሻግሯል ብሎ ደመደመ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ማንን ገደለ? ግን ጓንጉል ነው፤ መርዶውን ከሐኪም አፍ ከመስማት ራሱ ለራሱ አርድቶ ቁጭ ማለትን መረጠ።

የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እህተማርያም ሽሮና በርበሬ ለምግብ ቤቶች እያሸገች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከሥራዋ አረፍ ስትል ከጎኑ ቆማ ታጨበጭብለታለች። ከተጋቡ ጀምሮ ልማዳቸው ነው፤ እሱ አዲስ ነገር ሲለማመድ ጭብጨባው የእሷ ድርሻ ነው። ጭብጨባዋ ደግሞ ቤት ይሞላል፣ የስልኩን ድምፅ ይውጠዋል። በእሷ ጭብጨባ ሲጫወት ሁሉ ነገር ልክ ይመጣለታል። እሷ ወደ ማሸጊያዋ ስትመለስና ከስልኩ ጋር ብቻውን ሲቀር ግን ያው መዘግየት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር አለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የድሮውን ጨዋታ ከፈተ። እህተማርያም በርበሬ የነካ እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ እያደረቀች መጣችና ቆመች።

“ችክችካውን ነው?” አለችው።

“እሱኑ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።”

“ምነው አንድ ጊዜ ብቻ?”

ጓንጉል ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። እሷም ጀመረች። ቤቱ በጨዋታ ሞላ። እንዲህ እያሉ መሃል ላይ ሲደርሱ ድርግም አለ፤ ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ፍሪጁም መንሾካሾኩን አቆመ። ቶከኑ፣ አስቀድሞ የሚገዛው የመብራት ሂሳብ፣ አልቋል።

የተጫዋች እጅ ድምፅ ሲጠፋ ወዲያው አይቆምም። ጓንጉል ዓይኑን ሳይገልጥ የጀመረውን ሐረግ ሊጨርስ ቀጠለ። ያረጁት ቁልፎች ሲመቱ ጧ ጧ ይላሉ። ስልኩ በባትሪው ያን የድሮ ጨዋታ በቀጭኑ ያሰማል። ሌላ ድምፅ የለም። ሐረጉ ሲያልቅ እጁን አነሳና “ይኸው፣ መብራቱም በቃህ አለኝ” አለ።

እህተማርያም ግን ባለችበት ደርቃ ቀርታለች።

“ቀጥል እስቲ” አለችው።

“በምን ድምፅ ነው የምቀጥለው? ቶከን አልቋል።”

“ያለ ድምፅ ቀጥል። ስልኩን እየሰማህ ቁልፉን ምታ።”

“እህተ፣ ተይኝ እባክሽ።”

“ጓንጉል፣ ቀጥል አልኩህ።”

እንዲህ ባለ ድምፅ የምትናገረው በዓመት አንዴ ነው። ጓንጉል እጁን መለሰና ባዶውን ኪቦርድ መምታት ጀመረ። እሷ ጎንበስ አለች፤ አንድ ጆሮዋን ወደ ቁልፎቹ፣ ሌላውን ወደ ስልኩ አድርጋ ታዳምጥ ጀመር። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። የቁልፎቹ ምት በስልኩ ጨዋታ ላይ እያረፈ ሄደ። ዝንፍ አላለም። ቀኙም ግራውም።

“አልዘገየህም” አለች ቀና ብላ።

“ምኑ?” አለ ጓንጉል፣ እንዳልገባው ሰው።

“እጅህ ነዋ። እጅህ አልዘገየም። ቁልፉን በሰዓቱ ነው የምትመታው። ኋላ የሚመጣው ድምፁ ነው።”

“ልታጽናኚኝ ነው።”

“ላጽናናህ ብፈልግ ቡና አፈላልሃለሁ እንጂ ወገቤ እስኪቆረጥ ለምን እጎነበሳለሁ?”

ስልኳን አንስታ ቶከን ገዛች፤ የመጣላትን ረጅም ቁጥር በሩ አጠገብ ያለው የመብራት ቆጣሪ ላይ እየጠቀጠቀች አስገባች። መብራት መጣ። ጓንጉል እስኪረጋጋ አልጠበቀችም።

“አንዱን ብቻ ምታ። ጠንከር አድርገህ።”

መታ። ጧ አለ ቁልፉ፤ ከዚያ ድምፁ ወጣ። ከዚያ። ደግሞ መታ። ጧ፤ ከዚያ ድምፅ። በግራው ሞከረ፣ ያው ነው። በእህተማርያም ጣት አስመታ፣ ያው ነው። ስትሮክ ነክቷት የማያውቅ ሴትም ዘገየች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሙዚቃ ጆሮ አለኝ የሚል ሰው ለሦስት ሳምንት ይህን ያላገኘው ሁልጊዜ እጁን ስለሚያዳምጥ ነው፤ ማሽኑን ይጠረጥር ዘንድ ፍርሃቱ አላስቻለውም።

ለቤቲ ደወለ። ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ውጪ ወጥታ መለሰች።

“ቤቲዬ፣ ይሄ ላፕቶፕ ድምፁን እያዘገየ ነው የሚያወጣው።”

“ሌተንሲ ይባላል!” አለች ወዲያው። “ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ካመጣሽው ቀን ጀምሮ።”

“ሶሪ፣ ምን? ሦስት ሳምንት? ዋይ ዲድንት ዩ ቴል ሚ፣ አባዬ?”

ጓንጉል ሚስቱን አየ። “እጄ መስሎኝ ነው” አለ።

የቤቲ ድምፅ ወረደ። “ፖሌ አባዬ፣ ይቅርታ። ፖሌ ሳና። የእኔ ጥፋት ነው። በአንድ ጣት ነክቼ ድምፅ መውጣቱን ብቻ ነው ያየሁት። ኮምፒውተሩ ድምፁን ትንሽ እያጠራቀመ ነው የሚያወጣው። ለሰሚ ችግር የለውም፣ ለሚጫወት ሰው ግን ገደል ነው። አሁን አብረን እናስተካክለዋለን፣ ሳዋ፣ እሺ?”

እሷ እየነገረችው፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ ማውሱን እየጎተተ፣ እህተማርያም ከትከሻው ላይ እያነበበች ጀመሩ። ሴቲንግስ። ኦዲዮ። ድራይቨር ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ሌላውን ይምረጥ ተባለ፣ መረጠ። ከሥሩ ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚያጠራቅምበትን መጠን የሚያሳይ ቁጥር ነበር።

“ስንት ይላል?”

“ሁለት ሺህ አርባ ስምንት።”

“ኦ ማይ ጋድ። ስድሳ አራት አድርገው።”

አደረገው። ሲነካው ድምፁ ፈጥኖ መጣ፤ ግን ዘይት ውስጥ እንደተጣለ ሽንኩርት ተንጫጫ።

“ላፕቶፑ አልቻለውም ማለት ነው። መቶ ሃያ ስምንት በለው።”

ጓንጉል ቁጥሩን ቀየረና ጣቱን አሳረፈ። ድምፁ ከጣቱ ሥር ወጣ። ከስፒከሩ ሳይሆን ከጣቱ ሥር የወጣ መሰለው። ደግሞ ነካ። በቀኙ ወጣ፣ በግራው ወረደ፣ ሁለቱን አገናኘ። ስልኩ ላይ ያለችው ልጁ “አባዬ? ኢዝ ኢት ኦኬ?” ትላለች፤ አልሰማትም። የሰማችው እህተማርያም ናት፤ ስልኩን አንስታ “ተዪው፣ እየተጫወተ ነው” አለቻትና ዘጋችው።

ተጫወተ። የድሮውን ጨዋታ ከስልኩ ጋር ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ አንድም ቦታ ወደኋላ አልቀረም። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ባቲ ቅኝት ላይ ተንሸራሸረ። ከጥር ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ታወቀው። ደስ አለው። እንዲህ ደስ ብሎት የሚያውቅ አይመስለውም፣ ቤቲ የተወለደች ቀን እንኳ። እጁን ከቁልፎቹ ላይ ሲያነሳ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር።

“ለበኃይሉ ልደውል ነበር” አለ ዞር ብሎ። “አልችልም ልለው። ከእሁድም አልፎ ጨርሼ ልተወው ነበር።”

“አውቃለሁ” አለች እህተማርያም።

“ማን ነገረሽ?”

“ማን ይነግረኛል? ሰማሁት እንጂ።” ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ ላይ የሌለ በርበሬ ታራግፋለች። “እኔም የምነግርህ አለኝ። አትቆጣኝ።”

“ምን ሆነሽ?”

“እያዘገየሁልህ ነበር። ጭብጨባውን። በመጀመሪያው ቀን ከስልኩ ጋር ስትጫወት ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁህ። እጁ ነው ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ አጠገብህ ስቆም ስልኩን ትቼ ያንተን ድምፅ እየጠበቅኩ አጨበጭባለሁ። ልክ የሆንክ እንዲመስልህ።”

ጓንጉል ከእሷ ጋር ብቻ የሚገጥምለት ለምን እንደሆነ አሁን ገባው።

“ቤት ውስጥስ እሺ” አለ። “እሁድ ምን ልታደርጊ ነበር? ሦስት መቶ ሰው ነው።”

“ፊት ለፊት እቆማለሁ ብዬ ነበር” አለች። “ጭብጨባውን እኔ ልጀምር፣ አዘግይቼ። ሴቶቹ እኔን ይከተላሉ፣ ሌላው ሰው ሴቶቹን። ማንም አያውቅብህም ብዬ ነበር።”

ጓንጉል ያንን ሁሉ ሰው ዳስ ሙሉ ሆኖ ለእሱ ብሎ ሲዘገይ አሰበው። መጀመሪያ ሳቅ መጣበት። ሊስቅ አፉን ሲከፍት ግን ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበትና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

“እሁድ ፊት ለፊት ቁሚ” አላት።

“ለምን? አሁንማ ደህና ነህ።”

“ቁሚ ብቻ” አለ ጓንጉል።