ጣት ከተነሣ በኋላ

እኔ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ይህን ማለቴ ለመኩራራት አይደለም፤ ምኑ ይኮራበታል! እጄ ምን እንደለመደ ቀድሞ እንዲታወቅልኝ ነው። የምጫወትበት መሣሪያ ሺህ ድምፅ ተሞልቶለት ከፋብሪካ የወጣ ነው። አንዱን ቁጥር ስነካ ቫዮሊን፣ ሌላውን ስነካ ዋሽንት፣ ሌላውን ስነካ ደግሞ የሙሽራ እናት የሚያስለቅስ ነገር ይወጣል። እነሱ ይጋባሉ፣ እኔ ገመዴን ጠቅልዬ ቤቴ እገባለሁ። ጓደኞቼ «ቅዳሜ» ይሉኛል፤ በሌላ ቀን ሥራ ስለማይገኝልኝ ነው።

ዕድሜ ልኬን ስመኝ የኖርኩት ግን የድሮውን አናሎግ ሲንተሳይዘር ነው። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ፤ ይህ ዕቃ ተሞልቶ የመጣ ድምፅ የለውም። ፊቱ ላይ የተደረደሩ ማዞሪያዎች አሉት፤ ድምፁ ማለት የማዞሪያዎቹ አቀማመጥ ነው። አንዷን ፈቀቅ ካደረግሃት የቅድሙ ድምፅ ሄደ። ማስታወስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እኔ ደግሞ ሺህ ድምፅ ይዤ አንዱንም የእኔ ነው ማለት የማልችል ሰው ነኝና፣ አንድ ቀን እጄ ይገባል እያልኩ ፀጉሬ ሸበተ።

ማስታወቂያውን ሚስቴ ከስልኬ ላይ አየችው። «እዚህ ቤት ካንተ ሌላ አሮጌ ዕቃ ሊገባ ነው?» አለች።

«እኔ እኮ አላረጀሁም።»

«ዕቃውም የሚለው እንደዚያ ነው።»

ከሷ ጋር ክርክር አይገጠምም። ወጣሁ።

ቤቱ አሳንሰሩ የማይሠራ ፎቅ ላይ ነበር። እያለከለክሁ ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ የሆስፒታል ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ መጥታ መታወቂያዋ ገና አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ኮሪደሩ በካርቶን ተሞልቷል። እናቷን ወደ ራሷ ቤት ልታዛውር ነው። «ጋሼ፣ ቶሎ ቢጨርሱልኝ፣ የጭነት መኪናው ማምሻውን ይመጣል» አለች ገና ጫማዬን ሳልጠርግ።

እናትየዋ ባዶ ሳሎን ውስጥ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በአልጋ ልብስ የተሸፈነ ነገር አለ። ልጅቷ ገለጠችው። ጎንና ጎኑ እንጨት፣ ቁልፎቹ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ያሉ፣ ማዞሪያዎቹ አንድም ያልጎደሉ። ልቤ ዘለለች፤ ፊቴን ግን ኮስተር አደረግሁ። ገዢ የወደደ ዕለት ዋጋውም ይወደዳል። «ምን ያህል ጊዜ ሆነው ከተነካ?» አልኩ፣ እንደ ሐኪም።

«ትናንት ማታ ነክቼዋለሁ» አሉ እናትየዋ። «ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ መሸት ሲል አንዴ እከፍተዋለሁ።»

«እርስዎም ይጫወታሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! አንዷን ቁልፍ እጫናለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ አጠፋለሁ። አሁንም ዋጋውን ከልጄ ጋር ተስማሙ፤ እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመሄዱ በፊት አንዴ ልንካው። ከዚያ ውሰደው፣ ይባረክልህ።»

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲከፈት ወዲያው አይፈተንም። ካልሞቀ ድምፁ ይንሸራተታል፤ ሳይሞቅ የገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ ነው የሚያለቅሰው። ስለዚህ ሶኬቱን ሰካሁ፣ አበራሁት፣ ትንሽ እንጠብቅ አልኳቸው። እናትየዋ መነጽራቸውን ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ልጅቷ ካርቶን ላይ ፕላስተር እየጎተተች ታሽጋለች። እኔና እሱ ቀረን።

አሮጌ ማዞሪያ ውስጡ አቧራ ይይዛል፤ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። የገባው ሰው እያንዳንዷን ማዞሪያ እስከ ጥጓ ወደ ቀኝ፣ እስከ ጥጓ ወደ ግራ እያመላለሰ አቧራዋን ያስለቅቃል። ማንም አላዘዘኝም። ጠያቂ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ፣ እጄ ራሱ ሄደ። ሁሉንም፣ አንዷም ሳትቀር፣ አመላለስኳቸው። እንዲያውም እያፏጨሁ ነበር።

እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው መጡ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ ሌባ ጣታቸውን ዘርግተው አንዷን ቁልፍ ተጫኑ።

እንደ ፍሬን ጩኸት ያለ ነገር ወጣ። ሁለት ጆሯቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔ ዘልዬ ድምፁን ዘጋሁ።

«ምን አደረግኸው?»

«ማዞሪያዎቹን… አጸዳኋቸው፣ እማማ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ቁጭ አሉ። አልጮኹም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «እሱ እንደተወው ነበር እኮ» አሉ። «አቧራውን እንኳን በቀለም ብሩሽ፣ እንዳይነቃነቁ እየፈራሁ ነው ሳራግፍ የኖርኩት።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእጅስ? ያን ሰዓት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ደረጃውን ብወርድ ደስ ባለኝ። ልጅቷ ፕላስተሩን እንደያዘች መጣች። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ወደነበረበት ይመልሱታ!»

«የነበረበትን ማን ያውቃል?» አልኳት።

ከዚያ ነው እናትየዋ የነገሩኝ። ባለቤታቸው የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ዕቃውን በወጣትነታቸው ገዝተው አመጡት፤ ዘፈን ግን አልሆነላቸውም። «ጣቱ ከበሮ እንጂ ዜማ አያውቅም ነበር» አሉ እናትየዋ ፈገግ ብለው። የሳቸው ጆሮ ደግሞ ከሕመም የተረፈ ነው፤ ቀጭን ድምፅ እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። ሬዲዮ አይሆንላቸውም፣ የሰው ሳቅ እንኳን አንዳንዴ አይሆንላቸውም። ባልየው እዚህ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸውና አንድ ቁልፍ ተጭነው ማዞሪያዎቹን ሲያንቀሳቅሱ፣ እሳቸው «ቀንስ፣ ጨምር፣ ይሄ ይወጋል፣ ይሄ ይሻላል» ሲሉ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀባቸው። ጆሯቸውን የማይወጋ አንድ ድምፅ እስኪገኝ። ሲገኝ ባልየው ከዚያ በኋላ ማዞሪያዎቹን አልነኩም፤ መሸት ሲል ያንኑ ቁልፍ ብቻ ይጫኑላቸው ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለሳቸው እውነትም ነበር። ለጆሯቸው አንድ ዘመድ ብቻ ነበረው፣ ያ ድምፅ፤ እሱንም እኔ አጠፋሁባቸው።

«ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶስ?» አልኩ ድንገት። ልጅቷ ስልኳን አወጣች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ እሷም ቸኩላ ያነሳችው ፎቶ የቀኙ ግማሽ በመስኮት ብርሃን ነጥቷል። የግራው ግማሽ ግን ይታያል። አጉልቼ እያየሁ የግራዎቹን አንድ በአንድ መለስኳቸው። የቀኞቹ ለጆሮ ቀሩ።

«እማማ፣ እንደዚያን ጊዜው ይቀመጡና ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ወንበራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ።

«ጉንፋን ይዞታል» አሉ።

ቀጭኑን ድምፅ የሚያሳልፈውን ማዞሪያ፣ ፊልተሩን፣ ከፈት አደረግሁት።

«አሁን አፉን ከፈተ። እንደዚህ አፉን አይከፍትም ነበር።»

መለስ አደረግሁት።

«ይሄ የጎረቤት ነው። ደህና ሰው ነው፣ ግን የእኛ አይደለም።»

ልጅቷ ካርቶን ላይ ተቀምጣ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነበር። በመሐል አንድ ድምፅ ወጣ፣ ወፍራም፣ ሙቅ፣ ሰርግ ላይ ባወጣው አዳራሹን ጸጥ የሚያሰኝ። «ይሄንንስ?» አልኩ በተስፋ። እናትየዋ እጃቸውን አወዛወዙ። «ይሄ ጉረኛ ነው። ቀጥል።»

እየቀረብኩ መሆኔን ከፊታቸው ነው ያወቅሁት። «ይወጋል» ማለት ተዉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሳይገልጡት እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ ከወዲሁ ልንገርህ፣ እንዳላታልልህ። ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ባዶ ሳጥን ምን ያደርግልኛል፣ ዛሬውኑ ትወስደዋለህ። ከተገኘ ግን ምን እንደምል አላውቅም።»

«እማዬ! ተነጋግረን የጨረስነው ነገር እኮ ነው!» አለች ልጅቷ ከካርቶኑ ላይ ተነስታ።

«ስንነጋገር በየማታው የምሰማው ነገር ነበር። አሁን ሳጣው ነው ዋጋውን ያወቅሁት።»

ሥራዬን ቀጠልኩ። አንዷን ትንሽ፣ ሌላዋን ትንሽ። ቁልፉን ተጭኜ ስለቅ እናትየዋ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እሱ ነው። እሱ ነው፣ ግን ቶሎ ይሄዳል። እሱ እጁን ሲያነሣ ወዲያው አይቋረጥም ነበር። ትንሽ ይቆይና ነው የሚሄደው።»

እዚህ ዕቃ ላይ በስተቀኝ ጥግ አንዲት ማዞሪያ አለች። ጣት ከተነሣ በኋላ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ የምትወስነው እሷ ናት። ሳጸዳት እስከ ጥጓ ዘግቼ ነበር የተውኳት። ሌላ የቀረ ነገር የለም። ማንም ሳይነግረኝ፣ ጆሮዬን ሳልጠይቅ፣ እሷ እንደሆነች አወቅሁ።

የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «አርጅቷል እኮ እማማ፣ ከዚህ በላይ አይችልም» ብል ማን ይከራከረኛል? ልጅቷ ታመሰግነኛለች። እናትየዋ ያምኑኛል። ዕቃው በጀርባዬ ደረጃውን ይወርዳል፣ ሚስቴ ትቆጣለች፣ ከዚያ ትለምደዋለች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ፊት ቁጭ እላለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አፌን እንኳን ከፍቼ ነበር።

ደግ ሰው ስለሆንኩ ተውኩት ብል ውሸት ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በሕይወቴ አንድም ድምፅ ከባዶ ሠርቼ አላውቅም። ሺህ ድምፅ ያለው ሰው አንድ አልሠራም። ይሄኛው አንዲት ማዞሪያ ብቻ ቀርታው እጄ ላይ ነበር፤ እንዲህ ጎዶሎውን ትቼው መሄድ አቃተኝ። ንዴቴ ራሴው ላይ ነበር። አዞርኳት።

«ይንኩት» አልኩ፣ እኔ መጫን አልፈለግሁም።

ተነሱ። ሌባ ጣታቸውን አሳርፈው ተጫኑ። ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንድ ወጥ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ስሰማው የሚደንቅ ነገር የለውም፤ ሰርግ ላይ ባወጣው ሰዎች ማይክሮፎኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ጣታቸውን አነሱ። ድምፁ ቆየ። ቆየና ሄደ። እንደገና ተጫኑ። ልጅቷ ፕላስተሩን መሬት ላይ አስቀምጣ መጥታ ትከሻቸውን ያዘች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በር ላይ ቆማ የሰማችው ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«አልሸጠውም፣ ልጄ» አሉ እናትየዋ ሳይዞሩ።

«ገብቶኛል፣ እማማ።»

አልገባኝም ነበር። ተናድጄ ነበር።

«የት እናስቀምጠዋለን፣ እማዬ?» አለች ልጅቷ፣ ግን ድምፅዋ ላይ ክርክር የለም።

«አልጋዬ ጎን። ቦታ ከጠፋ አልጋው ይቅር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እዚያ ቤት ግን ሕፃናት አሉ። ነገ አንዱ ቢያዞረውስ? አንተን ከየት አመጣለሁ?»

ፎቶ ላንሳላቸው ብዬ ስልኬን አወጣሁ። «ስልክ አልችልም» አሉ። ወረቀት ብለጥፍ ይላቀቃል። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ፈልጋ ፈልጋ አንዲት የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አወጣች፣ ቀይ። «ይሄ አይለቅም» አለች።

እውነቷን ነው፣ አይለቅም። ፊቱ ላይ ቀለም የነካውን የድሮ ሲንተሳይዘር ገዢ ዞር ብሎ አያየውም። እኔም ብሆን ማስታወቂያ ላይ ባየው «ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው እንዲህ ያበላሸው» ብዬ አልፈዋለሁ። ጠርሙሱን ተቀበልኩ። ከግራ ጀምሬ በእያንዳንዷ ማዞሪያ ጫፍ ትይዩ አንዳንድ ጠብታ አደረግሁ። ልጅቷ ከኋላዬ እፍ እያለች ታደርቃለች። እናትየዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው እያንዳንዷን ይቆጣጠራሉ።

የቀኙ ጥግ ጋ ስደርስ ብሩሹን አንጠልጥዬ ቆምኩ።

«ይቺንም እንጂ» አሉ።

ለእሷ ሁለት አደረግሁላት።