ላባ በሚረግፍበት ወር የተቆጠሩ ዳክዬዎች

ይሳቅ፣ ይሳቅ ግድ የለም፣ ዛሬ ነው ቀኑ፣ ሦስት ዓመት ሆዷ ውስጥ ያብሰለሰለችው ነገር ዛሬ ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አያ ዳክዬ የሚለው ይሄ ሰውዬ ከስክሪኑ ፊት ተገትሮ ለኃላፊዋ ያወዳድራል፣ ዳክዬዋ እንዲህ ታምራለች፣ ሁለት መቶ ብቻ ቀርታለች፣ ቀንድ አውጣዋ ግን የምስር ፍሬ ታህላለች፣ ባሕር ውስጥ ማን ያያታል? ሰው ይስቃል።

ማን ያያታል። እሷ ናታ ያየቻት፣ ውሃው ሲሸሽ በጉልበቷ እየዳኸች፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣ አንድ ሁለት እያለች የቆጠረቻት። ከዚያ እናቷ ታመመች፣ ደብተሮቿን ለሱ አደራ ብላ ሁለት ወር አስታመመች፣ ስትመለስ ጥናቱ ወጥቷል፣ አግኚ እሱ፣ ቆጣሪ እሱ። ምን ልዩነት አለው እህቴ፣ ያው አንድ ቤት አይደለን አላት፣ ደብተሮቹስ፣ እኔ እንጃ ጠፉ። አንድ ቤት። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፣ እሷ አልጸለየችም፣ ጠበቀች።

ጥበቃ የሚቆመው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ወይ ለዳክዬዋ ኩሬ ወይ ለቀንድ አውጣዋ ባሕር ዳር፣ ባሕሩ ዳር ደግሞ ለግንባታ አፈር መድፋት ጀምረዋል፣ ቀንድ አውጣዋ ዛሬ ካልዳነች የለችም። እጇን ታወጣለች፣ ይቅርታ፣ ዳክዬዎቹ የተቆጠሩት በየትኛው ወር ነበር፣ ድምጿ ማር ነው። ወንዱ ከተራው ዳክዬ የሚለየው በቀይ አንገቱ ነው ትላለች፣ በዓመት አንዴ ላባውን ሲያራግፍ ግን ማንም አይለየው፣ የኛ ሊቅ በዚያው ወር ወጥቶ ስንቱን ተራ ነው ብሎ አለፈው፣ ጀማሪ እንኳ የማይሠራውን።

ፊቱ አመድ ይመስላል። እሰይ። ቅመሳት።

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ እሱ ትዞራለች፣ እንግዲያው የእርስዎን ቆጠራ ላምን አልችልም፣ ዳክዬዋ ትቅር፣ አዎ ትቅር፣ ቀንድ አውጣዋንስ የቆጠሩት እርስዎ አይደሉ፣ ጥናቱ ላይ ስምዎ ነው ያለው፣ እሷንስ እንዴት ልመን።

ኧረ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ትላለች፣ ኃላፊዋ ማስረጃ አለሽ ወይ ትላታለች፣ የለም፣ ምንም የለም፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ አንድ ቃል ብቻ፣ ሦስት ዓመት በስሙ ያልጠራችውን ሰው ወንድሜ ትለዋለች፣ ወንድሜ ንገራት እንጂ፣ በሰው ሁሉ ፊት ትለምነዋለች፣ እሱ ቀስ ብሎ ወረቀቱን ይሰበስባል፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ አዎ ይላል፣ እሷንም እኔ ነኝ የቆጠርኳት