ያልተኛው በሽተኛ

ሸኪብና ጎረቤቱ ቢራ ለምርመራ የሄዱት በአንድ ሳምንት ነው። ሁለቱም የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። ቢራ ስድሳ አልሞላውም፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሸኪብ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ስኳር አለበት፤ ልቡም ደክሟል።

«ልብዎ ማደንዘዣውን አይችለውም» አለችው ሐኪሟ። «ዕጢው ደግሞ ዝግተኛ ነው። በዚህ ዕድሜ ብንነካው ጉዳቱ ይበዛል። እየተከታተልን እንቆይ። የልብና የስኳር መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ።»

«ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ደህና ነኝ ይበሉ።»

እንደተባለው አለ።

ቢራ ከሆስፒታል ሲወጣ ሸኪብ ብርቱካን ይዞ ሄደ። ደጃፉ በጫማ ተሞልቷል። የቢራ ሚስት ዳሲቱ ቦታ ለቀቀችለት።

«ጋሼ፣ አንቱስ ተመርምረው አልነበር?»

«ደህና ነኝ።»

«ምን ይሆናሉ! እንደዚያ ይነዱት እንደነበረው አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነዎት። ይንኳኳል እንጂ አይቆምም!»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ሸኪብም ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቢራ ቁስል ተመለሱ። ሸኪብ የሚያሳየው ቁስል አልነበረውም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሸኪብ ቤት የአንድ ሰው ቤት ነው። ወለሉን ጠረገ፤ ሁለተኛ ወንበር አወጣ። ማንም አልመጣም። ቆሞ የሚሄድን ሰው ማን ይጠይቃል?

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ጫማውን አወለቀ። በጠራራ ፀሐይ አልጋው ላይ ወጥቶ ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ። በቃሊቲ አስፋልት ላይ ከባድ መኪኖች ማርሽ ይቀይራሉ፤ ሸኪብ የተጫነውን ከባዶው በድምፁ ይለያል። አንዲት ጎረቤት ከደጅ «አረፍ አሉ?» ብላ አለፈች።

በመጨረሻ የሚጎተት እርምጃ ሰማ። ቢራ ነው፤ አንድ እጁ ሆዱን ደግፏል፣ በሌላው ብርቱካን ይዟል።

«ጋሽ ሸኪብ፣ በቀን ተኝተው? ምን ሆኑ?»

ሸኪብ «ደህና ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ተወው።

«ያንተው በሽታ ነው» አለ። «እኔን አልነኩኝም። ልቤ አይችልም፣ አርጅቻለሁም። እዚሁ ውስጤ አለ።»

ቢራ ወንበሩን አየው፤ መቀመጥ አሁንም ያመዋል። ጥርሱን ነክሶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አይዞዎት» አላለም። ብርቱካኑን መላጥ ጀመረ፤ ከዚያ እጁ ቆመ።

«ስኳር አለብዎት፣ አይደል?»

«ግማሹ አይጎዳኝም» አለ ሸኪብ። ለመነሳት ግን አልሞከረም።