አማቷ የጻፉት ካሽ

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ የመናኸሪያውን የጠፉ ዕቃዎች ቢሮ ኮምፒውተር በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀጥ የሚያደርገውን ጉድ ደረሰችበት። ማወቋ ግን ደስ አላላትም። ፕሮግራሙን የጻፉት የባሏ አባት ናቸው፤ ያውም እዚያው አጠገቧ ተቀምጠው ብስኩት ይቆረጥማሉ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ኧረ ምንም፣ አባባ። ማሽኑ ትንሽ ያረጀ ይመስለኛል።»

«ማሽኑ ነው ያረጀው ወይስ እኔ?»

በሳቅና በድንጋጤ መሃል ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው መጥቶ ምልክቱን ሲናገር፣ ፕሮግራሙ የተባለውን ወደ ሬጅኤክስ፣ ማለትም ወደ መፈለጊያ ቀመር ይለውጥና መዝገቡን ያስሳል። ቀመር ማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ አማቷ አንዴ የተዘጋጀው ሁሉ ለሌላ ጊዜ እንዲያገለግል ካሽ በሚሉት ጊዜያዊ ማከማቻ እንዲቀመጥ አድርገዋል። ክፋቱ፣ የገባ አይወጣም። እጀታው የተሰነጠቀ ቡናማ ጃንጥላ የጠፋበት ሰውዬ ጃንጥላውን ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ ቀመሩ እዚያው ተጎልቶ ይውላል። እንዲህ እንዲህ እያለ በሺህ የሚቆጠረው ተደራርቦ ማሽኑን ያንቀዋል።

አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

አማቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «በይ እስቲ ዞር በይ» ብለው ወንበሯን ወሰዱና ካሹን ከነሥሩ ነቅለው ጣሉት።

«ተገላገልን!»

የተገላገሉት ለሩብ ሰዓት ብቻ ነበር። ባለጉዳዮችን በመስኮት የምታስተናግደው ሠራተኛ ላብ በላብ ሆና ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ምን ነካችሁት? ሰልፉ ውጭ ደርሷል! አንዱማ እዚህ ከምገተር አዲስ ብገዛ ይሻለኛል ብሎኝ ሄደ።»

ለካስ ለእያንዳንዱ ፍለጋ የሚያስፈልጉት የቲኬትና የስልክ ቁጥር ቀመሮችም አብረው ተነቅለው፣ ፕሮግራሙ በመዝገቡ ላይ ባለፈ ቁጥር ከዜሮ ያዘጋጃቸው ጀመር።

አሁን ፊታቸው የጠቆረው አማቷ ሆኑ። አንጀቷን በሉት። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሐሳብዎስ ልክ ነበር። ልክ ያልተበጀለት ብዛቱ ነው።»

«እንዴት አድርገን?»

«የቲኬቱንና የስልኩን ጠዋት አንዴ እናዘጋጃቸውና ማንም አይንካቸው። ሌሎቹ ከሦስት መቶ አይብለጡ። ሲሞላ፣ ከሁሉም ረጅም ጊዜ ያልተፈለገው ይውጣና ለአዲሱ ቦታ ይልቀቅ።»

«ያልተፈለገው ይውጣ ስትይ፣ እኔን እንዳይሆን ብቻ።»

«እርስዎማ በየደቂቃው ነው የሚፈለጉት!»

ሳቃቸው መጣ። እሷ ስትጽፍ እሳቸው ከትከሻዋ በላይ እያነበቡ፣ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ስህተቷን እያረሙላት፣ ምሳ ሳይበሉ ጨረሱት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ስምንትም አለፈ። የመስኮቷ ሠራተኛ አንገቷን አስገባች።

«ዛሬ አልቆመም እኮ! ማነው ያስተካከለው?»

«ምራቴ ናታ!» አሉ አማቷ፣ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ።

«ማንስ ነበር ያበላሸው?»

«እሱ ገና እየተጣራ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። ምራታቸው ሳቋን የምትደብቅበት ብታጣ፣ ዕቃ እንደወደቀበት ሰው ጠረጴዛው ሥር ገባች።