የእድሩ ካታላይዘር

በጎሽ ሜዳ አንድ መኪና የጭስ ምርመራ አልፎ ቦሎ እንዲለጠፍለት፣ ከባለቤቱ ቤት አንድ ሰው ለአንድ ቀን መሞት አለበት። ይህን ያወጀ መንግሥት የለም። የእድሩ ደንብ ነው።

ካታላይዘር የሚባለው ጭስ አጣሪ ቆርቆሮ ድሮ በየመኪናው ሆድ ስር ነበር። መካኒኩ ዋለልኝ «ይሄ ነገር መኪናችሁን አንቆ ይዟታል፣ ትተንፍስ» እያለ የሁሉንም በፌሮ ወግቶ አንጀቱን ዘረገፈው። የተዘረገፈውን ደግሞ፣ ውስጡ ውድ ብረት አለና፣ ከረጢት ይዞ የሚመጣ አንድ መነጽራም ሰውዬ እየሰበሰበ ሄደ። መኪኖቹ ተነፈሱ፣ ከተማው መተንፈስ ተወ። ነጭ ዶሮ የሚባል ዘር ጠፋ። ማክሰኞ ከአንድ አይሱዙ ኋላ ጭስ ውስጥ የገባ አህያ ሐሙስ በሌላ ወረዳ ወጣ፣ ጭነቱን ግን አልጣለም።

በመጨረሻ የተረፈው ካታላይዘር አንድ ብቻ ሆነ። እሱም የአንድ ሟች መምህር መኪና ላይ የነበረው ነው። ሚስታቸው ለእድሩ ሰጡት፣ እድሩም ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሩና ከብረት ድስቱ ጋር ግምጃ ቤት አስገባው። የእድር እቃ ደግሞ ለለቅሶ እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይወጣም። ስለዚህ ካታላይዘሩን የፈለገ ሟች ያቀርባል። የእድሩ ዳኛ አቶ ቢሻው የሟቹን ስም መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰውየው ይሞታል። እቃው ሲመለስ ስሙ ይሰረዛል፣ ሰውየውም ተነስቶ ምሳ ይጠይቃል።

የሚኒባስ ሹፌሩ ጓንጉል እስከ ዘንድሮ ሟች ተቸግሮ አያውቅም። መጀመሪያ አማቱ ሞቱለት። ሲነሱ «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተዳርኩ ወዲህ አላየሁም» አሉ። ቀጥሎ ወንድሙ፣ አምና ደግሞ ሚስቱ ትሁኔ። ዘንድሮ ግን አማቱ በራሳቸው ጊዜ ሞተው አልተመለሱም፣ ወንድሙም መተማ ወርዷል።

«ያንተ ተራ ነው» አለች ትሁኔ።

«መኪናዋን ማን ይነዳል?»

«እኔ። መንጃ ፈቃዴን ሣጥን ውስጥ የቆለፍክበት አንተ ነህ፣ ቁልፉን ወዲህ በል።»

«ካታላይዘሩን ሳትመልሺ ብትቀሪስ?»

«ያኔ ባሌ ሞተ ይባላላ። አዲስ ነገር ነው እንዴ?»

አቶ ቢሻው መዝገቡን ገለጡ። «ስም ከነአባት።»

«ያውቁኛል እኮ ጋሼ።»

«በሕይወት አውቅሃለሁ። ሟች ሆነህ ገና መተዋወቃችን ነው።» ጻፉ። «እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልተመለሰ መዝገቡ ይዘጋል። የዘጋሁትን አልከፍትም።»

ጥሩምባው ተነፋ፣ ጓንጉልም እድሩ ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሞቶ ተጋደመ። ሟች መናገር አይፈቀድለትም፣ መስማት ግን አልተከለከለም።

«ደግ ሰው ነበር» አለ አንዱ ለቀስተኛ።

«መቼ?» አለ ሌላው።

ዋለልኝ ካታላይዘሩን ሚኒባሷ ላይ ሊያስር ቢሞክር፣ አርባ ጊዜ ገብቶ አርባ ጊዜ የወጣ ብሎን ጥርሱ አልቆ እንቢ አለው። እንዳይወድቅ ብሎ በየደው። ለማንም አልነገረም፣ ብየዳ ምን ይነገራል?

ምርመራ ጣቢያው ውስጥ መርማሪው ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሆድ አየና «ደህና ከረምክ?» አለ። ትሁኔ ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም።

«ካታላይዘሩን ነው» አለ መርማሪው። «ከዘመዶቼ ይልቅ እሱን ነው የማየው። ፊቱ ግን ጠቁሯል፣ አሳርፉት እንጂ እናንተ ሰዎች።»

የመሣሪያውን ቱቦ የጭስ መውጫው ማርሚታ ውስጥ ከተተ። መሣሪያው ንጹህ ነው አለ። መርማሪው የሚኒባሷ ጣሪያ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት በጣቱ ጠረገ፣ ጣቱን ሱሪው ላይ አበሰ፣ ቦሎውን ለጠፈ።

ትሁኔ ካታላይዘሩን ልታስፈታ አስር ሰዓት ላይ ዋለልኝ ጋ ስትደርስ እንደተበየደ ሰማች። ሚኒባሷን እየነዳች እድሩ ደጅ አቆመቻት። ድንኳኑ ከዚያው አጠገብ ስለነበር ጓንጉል ሁሉንም ይሰማ ነበር።

«ይኸው ካታላይዘሩ» አለች።

«የወሰድሽው ካታላይዘር፣ ያመጣሽው ሚኒባስ» አሉ አቶ ቢሻው። «ሚኒባስ መዝገቤ ላይ የለም።»

«ይቆረጥ ታዲያ።»

«ተቆርጦ ቢመጣ የተበላሸ እቃ ነው፣ የተበላሸ አልረከብም። ሚኒባሷን ከነሆድ እቃዋ ለእድሩ ስጪና አሁኑኑ ባልሽን ልሰርዘው።»

«ባልሰጥስ?»

«ካታላይዘሩ እናንተ ላይ ይቀራል፣ እሱ ደግሞ እኔ ላይ። ከእንግዲህ ለቦሎ ሟች አያስፈልግሽም።»

ትሁኔ ቦሎውን አየችው። ገና ማስቲሹ አልደረቀም። ቀጥላ ድንኳኑን አየች፣ ከስሩ የባሏ ጫማ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ለአስራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«እሱን ብትጠይቁት መኪናዋን ነው የሚመርጠው» አለች በመጨረሻ።

ጓንጉል ተናደደ። ሊጮህ አፉን ለመክፈት ሞከረ፣ አልተከፈተለትም። ከዚያ ተረጋግቶ ሲያስበው፣ እውነቷን ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ቢሻው መዝገቡን ዘጉ። ለቀስተኞቹ አሁን የምር ስለሆነ ትንሽ ጠበቅ አድርገው አለቀሱ፣ ንፍሮ በሉ፣ ቀብሩን ለማግስቱ ቀጥረው ሄዱ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጓንጉል ተነስቶ ሚኒባሷን ወደ መናኸሪያ ነዳ። ደንቡ መዝገብ ከተዘጋ በኋላ ስላለው ሟች ምንም አይልም፣ ተኛ ያለው ሰውም አልነበረም።

ተራ አስከባሪው በመስኮት አየው። «ሞተ ሲሉህ ሰማሁ።»

«አዎ።»

«እግዜር ያጥናህ። ሦስተኛ ነህ፣ ከዶልፊኑ ኋላ ቁም።»

ተሳፋሪው ሞላ። ውርጭ የወረደበት ጠዋት ነበር። አስራ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ሲተነፍስ መስታወቱ ሁሉ ጉም ለበሰ፣ የጎኑም፣ የኋላውም፣ የፊተኛው መስታወትም ግማሽ። በሹፌሩ በኩል ያለው ግማሽ ግን እንደተወለወለ ጥርት ብሎ ቀረ። ከጋቢና የተቀመጠችው ሴትዮ መሀረብ አውጥታ የራሷን ወገን ስትጠርግ ቆየችና፣ እጇን ወደ እሱ ወገን ዘርግታ ደረቁን መስታወት ነካችው። እጇን ሰብስባ ብብቷ ስር ከተተችው።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ከማርሚታዋ ጫፍ ምንም አይወጣም ነበር።