ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ

በስክሪኑ ላይ ከእያንዳንዱ ኮከብ የሚሄድበትን አቅጣጫ የምታሳይ አንዲት ትንሽ ቀስት ወጥታለች፤ ቀስቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። ተመራማሪዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ እንደገና አየቻቸው። ይህ ወጣት የከዋክብት ስብስብ እንደተያያዘ ይኖራል ብላ ስትሟገት ነው የከረመችው።

ደግሞ በዛሬ ቀን! ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ሻንጣውን ሳሎን አቁሞ፣ «ኮከብ ቆጣሪ ሆነሽ የእኔን መሄድ እንዴት አላየሽውም?» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ሩቅ አገር ሥራ አግኝቷል፤ አውቶብሱ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። «እትዬ፣ ካልመረቅሽኝ ግን አልሄድም» አላት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እሱንና የመጨረሻዋን እህታቸውን ክፉ ደጉን አይታ ያሳደገች፣ ቤቱ እንዳይበተን ብላ የመጣላትን ትዳር የመለሰች እሷ ናት። ሳትመርቀው ወደ ሥራዋ ወጣች።

«ወደ እኛ መቅረባቸውን ከስሌቱ ቀንሰሽዋል?» አለ አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ።

አልቀነሰችም! ልቧ በደስታ ዘለለ። ወደ እኛ የሚመጣ ስብስብ፣ እንደሚቀርብ መኪና ሁለት መብራት፣ ሳይራራቅ የሚራራቅ ይመስላል። ቀንሳ እንደገና አሰላች። ቀስቶቹ አጠሩ እንጂ አልዞሩም።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ አለቃዋ በሐዘኔታ። «አቅፎ የያዛቸው የተወለዱበት የጋዝ ጉም ነበር። በገዛ ብርሃናቸው ገፍተው በተኑት። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው?»

ብቻዋን ስትቀር ቀስቶቹን ወደ ኋላ አስኬደቻቸው። ሚሊዮን ዓመታት በጸጥታ ተጠቀለሉ፤ ከዋክብቱ እንደ ጫጩት ተሰበሰቡ፤ ጉሙ አለበሳቸው። እሷና ታናናሾቿ ሦስቱም በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ጉልበት ለጉልበት እየተጋጩ የተኙበት ዘመን ትዝ አላት። ከዚያ ጊዜውን ወደ ፊት ለቀቀችው። ቀስ እያሉ፣ እያበሩ ተራራቁ። ማንም ከማንም አልተጣላም። ተመራማሪዋ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባም ወደ ቤት ሄደች።

ወንድሟ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት አገኘችው። ሲያያት ተንበረከከ፤ እጇን ራሱ ላይ ጫነች። «ቶሎ ተመለስ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«የወጣህበት ይቅናህ። እንቅፋት አይንካህ። በሄድክበት ሰው አትጣ።»

«አሜን» አለ።

እጇን ከራሱ ላይ ገና ሳታነሣ፣ የመጨረሻዋ እህታቸው ከጓዳ ወጥታ ከአጠገቡ ተንበረከከች።

«የእኔ መሄጃ እንኳ ለመጪው ወር ነው፣ እትዬ፤ ግን አንዴ ከጀመርሽ አይቀር...» አለችና አንገቷን ደፋች።