ከመዝሙሩ በኋላ ያሉት ሁለት ደቂቃዎች

ይህች ልጅ፣ እናቷ እንኳን ሳትወለድ የተሳቀ ሳቅ ምን አድርጎላት ነው እንዲህ የምትወደው? ስንት ቀን አሰብኩበት፤ መልሱን አላገኘሁትም። እኔን እንደሆነ ትንሹም ትልቁም ያስጨንቀኛል። ቀንዓ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ዓይኑ ሊጠፋ ነው እላለሁ። እህቱ ጣቢታ ኢርፎኗን ጆሮዋ ውስጥ ከታ ስትተኛ ልትደነቁር ነው እላለሁ። እናታቸው እንጭኒ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ልጆቹን አምቦ እኔ ዘንድ ስትተው፣ "እማዬ፣ አደራ፣ በጭንቀት አትግደያቸው" ብላኛለች። እሺ አልኳት። አልቻልኩም እንጂ።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ሐምሌ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ወጣቶቹ የድሮ መዝሙር ፕሮግራም ሊያደርጉ አስበው፣ ከየቤቱ የቆዩ ካሴቶች ይምጡ ተባለ። ጣቢታ የካርቶን ሳጥኑን ከአልጋዬ ሥር ጎትታ አወጣችው፤ አቧራውን እፍ አለችው፤ እኔም መርቄ ሰደድኳት። መናኸሪያው አጠገብ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ደግፌ የሚባል ሰው አለ። አሥራ አንዱንም ካሴት ገለበጠላት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ አያና እንደ ልማዱ ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ሊጫወት ወጥቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን በስሱ ይደበድባል። ሽንኩርት እየላጥኩ ሸለብ ሳያደርገኝ አልቀረም። በዚያ መሀል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጣቢታ ሹራብ መዝፈን ጀመረ።

እውነቴን ነው። ከሹራቡ ኪስ ውስጥ አኮርዲዮን ወጣ። ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ እግሮች ጣውላ ይመታሉ። ከሁሉም በላይ አንዲት ሴት ትስቃለች። ሳቋ ከታች ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከዚያ "ኧረ ድገመው! ድገመው!" ትላለች። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ፣ ይህቺ ደስ ያላት ሴት ማን ናት አልኩ። ቀናሁባት። እንዲህ የሚያስቃት ምን አገኘች ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ድምፁ ቅርብ ነው፣ ከጓዳው የመጣ ይመስላል፤ ተነስቼ ልፈልጋት ቃጣኝ። ያን ጊዜ ነው ሽንኩርቱ ከእጄ የወደቀው።

ሴትየዋ እኔ ነበርኩ።

በ1971 ዓ.ም. ነው። በድሮው ወረቀት ሁሉ ላይ ከተማችን ገና ሀገረ ሕይወት ነው የምትባለው። አያና በቀበሌው ኪነት አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ካኪ ለብሶ፣ አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጫወተው። የመፈክሩ መዝሙር ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሊቀ መንበሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ሰዎች በኦሮምኛ የሠርግ ዜማ አጫውተን እንለው ነበር። አንድ ቀን የአያና ጓደኛ ቴፕ አምጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዳው። ካሴቱን አያና በገዛ ደመወዙ ነበር የገዛው።

ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ሲሠራበት በነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ መጋዝ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። አኮርዲዮኑን ለቀበሌው መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስቶ አያውቅም። የልጅ ልጆቹ እንኳን ይጫወት እንደነበር አያውቁም። አልፎ አልፎ ብቻ ያንን ካሴት ያስገባና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ጌታን ተቀበልኩ። አያና በኦርቶዶክስነቱ ቀረ፤ አልተጣላንም። እኔ ግን ያን ጊዜ ትኩስ ነበርኩ፤ የዓለም ዘፈን ቤታችሁ አይደር ሲሉን ሌሎቹ ካሴታቸውን አቃጠሉ። እኔ ደግሞ ስስታም ነኝ፤ ካሴት ውድ ነው። ከጎረቤት ሁለተኛ ቴፕ ተዋስኩና የመዘምራን መዝሙር በላዩ ላይ ቀዳሁበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ። አያና ሲጠይቀኝ፣ "ቀበሌው ሲዘረፍ አብሮ ሄደ፤ ለበዓል ተውሰውኝ ነበር" አልኩት። የዋህ ነው፤ አመነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየገበያው አሮጌ ካሴት የሚሸጡትን እየዞረ ሲያገላብጥ አየሁት። ወንጪ ያለው የኪነት ጓደኛው ዘንድ ቅጂ ይኖር ይሆናል ብሎ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በፈረስ ሄዷል። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ባዶ እጁን ተመለሰ። እግሩን አጠብኩለት። አልነገርኩትም።

ያን ቅዳሜ ገና ሳይመሽ፣ ስልኳን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ረስታ የወጣችው ጣቢታ ስትመለስ በሩ ላይ ያዝኳት።

"ስልክሽ ላይ ያለው ምንድነው?"

"ተደወለ እንዴ? አሪፍ አይደል አኮ?" አለች። አኮ ይሉኛል፣ በኦሮምኛ አያት ማለታቸው ነው።

"ከየት አመጣሽው?"

"ካንቺው ካሴት ነዋ! ሁለተኛው ፊት ላይ መዝሙሩ ያልቃል፤ ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ቋ ይልና እሱ ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። የስልኬ ጥሪ አደረግኩት።"

ለካ መዝሙሩ ከካሴቱ አጥሮ ኖሯል። እኔ መዝሙሩ ባለቀ ቁጥር ወደ ኋላ አጠነጥነዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ጸጥታውን አልፌ አላዳመጥኩም።

"የዓለም ዘፈን ነው። አጥፊው" አልኳት።

"ቃል እንኳን የለውም እኮ! ሳቅ ብቻ ነው። ሳቅም ንስሐ ይገባበታል?"

"ጣቢታ!"

"እሺ፣ እሺ፤ ሴትየዋን አስጠምቄ አስቃታለሁ" ብላ ጉንጬን ስማኝ ገባች። ስለ ሃይማኖቴ የተቆጣሁ መሰላት። እኔም እንዲመስላት ተውኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ቀን አይመስልም። ያ ስልክ ባለበት ሁሉ ዓይኔ ይከተለዋል። እሑድ አያና ግቢ ውስጥ እጁን ሲታጠብ ስልኩ ጮኸ፤ አኮርዲዮኑ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ የያዝኩትን ትሪ ከነብርጭቆው ለቀቅኩት፤ ጣቢታም ስልኩን ወዲያው አነሳችው።

"ምን ሆነሻል ሴትዮ?" አለ አያና። "እስከ ዛሬ ልጆቹን ነበር የምታስጨንቂው፤ አሁን ደግሞ ብርጭቆ ጀመርሽ?"

"እጄ ከዳኝ።"

"አይዞሽ፣ የኔም ከድቶኛል" አለና ሦስት ጣት ብቻ የቀረውን እጁን አውለበለበልኝ። እሱ በጣቱ መቀለድ ይችልበታል። እኔ ግን ያን ዕለት መሳቅ አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት ኔትወርክ ጠፋ። ከተማው በሙሉ አጉረመረመ። እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አራት ቀን ስልክ ሁሉ ድዳ ሆነ። ከሁሉቃ ወንዝ የሚነሳው ጉም ጠዋት ጠዋት እስከ ደጃችን ይመጣና አጥሩን ይበላዋል፤ ሰው ከጉሙ ውስጥ ይወጣል፣ ሰላም ይላል፣ ተመልሶ ይሟሟል። ቤቱ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ። የምንናገረው እንኳን ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ልጆቹም የሚሄዱበት ስላጡ ከእኛ ጋር ተቀመጡ።

ቀንዓ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አንድ የድሮ ጌም ነበረው። የሚሮጠው ሰውዬ ከጡብ የተሠራ ይመስላል፤ አፍንጫው እንኳን አራት ማዕዘን ነው።

"እስቲ አሁን ይሄ ምኑ ያስደስታል?" አልኩት።

"አኮ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ብትሄጂ ልጆቹ አሁንም የሚጣሉት በአሮጌው የኳስ ጌም ነው። ውስጡ ያሉት ተጫዋቾች ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል።"

"አያችሁ? አሮጌ ይሻላል!" አለች ጣቢታ።

"አይሻልም። መጥፎ መጥፎው ተረስቶ ነው። የድሮ የማይረባ ዘፈን ማን ያስቀምጥልሻል? የተረፈውን ብቻ ሰምተሽ ድሮ ሁሉ እንደዚያ ይመስልሻል።"

"የኔ ዘፈን ደግሞ ማንም አላስቀመጠውም። በስሕተት ነው የተረፈው። እሱስ?"

እኔ ሽሮዬን ማማሰል ያዝኩ።

"ደግሞ ለእኔ አሮጌ አይደለም" አለች። "የሰማሁት የዛሬ ሳምንት ነው።"

"አንቺ ራስሽ አሮጊት ነሽ" አላት። ትራስ ወረወረችበት። ከዚያ የላይኛው ሰፈር ኔትወርክ አንድ መስመር ይይዛል የሚል ወሬ ሰምተው ስልካቸውን ይዘው ሊሞክሩ ሮጡ።

አያና ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። በሩን እያየ፣ "ልጆቹ ደህና ነገር ይከራከራሉ" አለ።

"አንተስ የቱ ይጥምሃል?" አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም።

"እኔ? ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ያለኝ ሙዚቃ ያ የጠፋው ነው። ጥሩ ስለነበረ እንዳይመስልሽ፤ ስንት ቦታ ስቼ ነበር። ግን ዐሥሩም ጣቶቼ እዚያ ላይ ነበሩ።" እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና፣ "አሁን ዜማውም ከጭንቅላቴ እየጠፋ ነው። አንዳንዴ ጫፉን እይዘዋለሁ፤ ስስበው ይበጠሳል" አለ።

ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ግራ ጆሮው አምና ደክሟል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ጠብታ የምጨምርለት እኔ ነኝ።

በዚያ ሌሊት በሕልሜ መዘምራኑ ነጭ ለብሰው አዳራሹ ውስጥ ቆመዋል። እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ አኮርዲዮን ይዘዋል፤ ግን አንድም ድምፅ የለም። አኮርዲዮኖቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሁሉም እኔን ያዩኛል። አልተቆጡም። ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚያዩኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ተመለሰ። ጎረቤት ውስጥ ስልኮች ተራ በተራ ሲንጫጩ ሰማሁ። አያና መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እግሩ የላላ በርጩማ ያጠብቃል። ጣቢታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ናት፤ ስልኩ ጭኗ ላይ። እናቷ አሁን ትደውላለች፤ አራት ቀን ሙሉ ሳታገኛቸው እንዴት ትቆያለች? ድንገት ጆሮው ውስጥ ከሚገባ እኔው በእጄ ልስጠው አልኩ።

"ጣቢታ፣ ያንን አጫውቺው።"

"የቱን?"

"ሴትየዋ የምትስቅበትን። ድምፁን ከፍ አድርጊው።"

ልጅቷ እንዳበድኩ አይታኝ ከፈተችው።

አያና መጀመሪያ መዶሻውን አላስቀመጠም። አንድ ጊዜ መታ፤ ሊደግም ሲያነሳ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀኝ ጆሮውን ወደ ስልኩ አዞረ። እኔ ፊቱን እንጂ ዘፈኑን አልሰማሁትም። ፊቱ ላይ ምን እንዳየሁ አሁንም መናገር አልችልም፤ ቤቱ እንደጠፋበትና እንደገና እንደታየው ሰው ነበር። ሴትየዋ ሳቀች። ድገመው አለች። ተቆረጠ።

"ይህቺ አንቺ ነሽ" አለኝ።

"አዎ።"

"አኮ? አንቺ?" አለች ጣቢታ። "የሚጫወተውስ?"

አያና መዶሻውን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠ። "ሌላውስ?" አለ። "አንድ ሰዓት ነበር።"

"ሌላው መዝሙር ነው፣ አባባ" አለች ልጅቷ። "መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ነው ያገኘሁት።"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "በላዩ ላይ የቀዳሁበት እኔ ነኝ። አልተዘረፈም። ዋሽቼሃለሁ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ጣቢታ እኔን አየች፣ የእሱን እጅ አየች፤ ሦስቱን ጣቶች ስታይ ገባት መሰለኝ፣ አፏን ያዘች።

"ድገሚው" አላት።

ደገመችው። ሦስተኛም አስደገማት። ዓይኑን እንደ ድሮው ጨፍኖ ነበር። ሲያልቅ ወደ እሷ ጎንበስ አለና፣ "ወደድሽው?" አላት።

"በጣም።"

"ለምን? ያንቺ ጊዜ አይደለም እኮ። የምታውቂውም ሰው የለበትም።"

"እኔንጃ፣ አባባ።" እንባዋ መጥቷል። "ሰዎቹ ማንም ይሰማናል ብለው አይደለም። ዝም ብለው ደስ ብሏቸዋል።"

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ነቀነቀ። ከዚያ በርጩማውን ይዞ ተነሳ፤ እግሩ መጠንከሩን ሞከረና አጠገቤ አስቀመጠው። ኮቱን ከበሩ ጀርባ አወረደ፤ ቁልፎቹን ሳይቸኩል አንድ በአንድ ቆለፋቸው።

"አያና፣ አላባራም እኮ" አልኩት። "ጃንጥላውን እንኳን..."

የጣቢታን ራስ ዳሰሰ። እኔን አላየኝም። መቀርቀሪያውን አነሳና ወጣ።